ስለ ጨረቃዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ኢናቭ በሥራዋ አልተሳሳተችም። ይህን ከመነሻው መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ብቅ የሚለው ሰው ሁሉ፣ አለቃዋም፣ አባቷም፣ ነጭ ኩታ የደረቡት ሦስት ሽማግሌዎችም፣ ነገሩን የሚጀምሩት ተሳስታለች ከሚለው ነውና። ሰው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ እንዴት ይፈርዳል? ግን ይፈርዳል። ፈርዶም ስለ ደግነቱ ምስጋና ይጠብቃል።

ሥራዋ እስራኤል አገር፣ ሀደራ መሃል ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ኩባንያው ትንሽ ነው። የአየር ጠባይ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚያነሳቸውን ሥዕሎች ይቀበልና ለጭነት መኪና ድርጅቶችና ለአትክልት አምራቾች የጠዋት ጉምና የአቧራ ማስጠንቀቂያ ይሸጣል። ሳተላይቱ ምድርን ሙሉ ክብ አድርጎ ያነሳታል፤ ዙሪያዋ ጥቁር ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ያንን ጥቁር ቆርጠው ይጥሉታል፤ ባዶ ሰማይ ማን ይገዛል? ኢናቭ ግን የምትፈልገው ከዚያው ከሚጣለው ነበር። አንዳንድ ቀን በምድር ጠርዝ በኩል፣ በሥዕሉ ማዕዘን ላይ፣ ጨረቃ ትንሽ ሆና ብቅ ትላለች። እሷን ነው የምትለቅመው።

ነገሩ ጆሮ ለሚሰጥ ሰው ከባድ አይደለም። የሳተላይት ካሜራ እንደ ሰው ዓይን ያረጃል። ፀሐይ ሲመታው ይከርምና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይደክማል፤ ወጥቶ የሚጠግነው ደግሞ የለም። ታዲያ ሥዕሉ ሲደበዝዝ ምድሪቱ ጠቁራ ነው ወይስ ካሜራው ደክሞ? ምድርን አይቶ ይህን መለየት ያስቸግራል። ምድር ደመና አላት፣ ዝናብ አላት፣ ሣሯ ይበቅላል፣ ይደርቃል። ጨረቃ ግን አየር የላት፣ ደመና የላት፤ ፊቷ በሰው ዕድሜ አይለወጥም። መሙላቷና መጉደሏ በስሌት ይታወቃል። በዚህ ቀን ይህን ያህል ማብራት አለባት ተብሎ ይሰላል፤ ካሜራው ከዚያ አሳንሶ ካያት የደከመው እሱ ነው፤ የጎደለውም በስሌት ይካሳል።

ኢናቭ ያገኘችው ይኸንኑ ነበር። ካሜራው ደክሟል፤ ኩባንያው ደግሞ ድካሙን ሳያስተካክል በሥዕሉ ይሠራል። ስለዚህ ከባሕሩ በኩል ተነሥቶ አውራ ጎዳናው ላይ የሚተኛውን ስስ ጉም ፕሮግራሙ ማየት አቁሟል። መንገዱ ጥርት ያለ ነው የተባለ ሹፌር ከነጭነቱ ጉም ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለማስተካከል የሁለት ቀን ሥራ ይበቃ ነበር። ግን ለደንበኞቹ «ያለፈው ክረምት ማስጠንቀቂያችን ጎደሎ ነበር» ብሎ መናገር ይጠይቃል፤ ደንበኞቹ ደግሞ አዲስ ውል ሊፈርሙ እየመጡ ነበር።

አለቃዋ አቪቻይ ሰምቷት ሲያበቃ ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

«ምናልባት ጨረቃዋ ተለውጣ ይሆናል» አላት።

እየቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ይህ ሰው የሳተላይት ሥዕል ሸጦ የሚኖር ሰው ነው! በነጋታው ጠራትና ደንበኞቹ ሲመጡ የጨረቃው ስሌት የሷ ስህተት እንደነበር ራሷ እንድትነግራቸው ጠየቃት። «ትንሽ ነገር ናት፤ ማንም ይሳሳታል» አላት፣ ልቡ ሰፊ እንደሆነ ሁሉ። አይሆንም አለች። በዚያው ሳምንት፣ ከጨረቃው ሥራ ካነሳት በኋላ፣ ለኩባንያው ማስታወቂያ ፎቶ ትፈለጊያለሽ ተባለች። ግድግዳ የሚያህል የጨረቃ ሥዕል ፊት አቁመው ፈገግ በይ አሏት። ከሥሩ የሚጻፈውንም አሳዩዋት፤ ከጎንደር ጎጆ ወጥታ ጨረቃ ላይ ስለደረሰች ልጅ ይናገራል። ኢናቭ የተወለደችው እዚሁ ሀደራ ነው። ጎጆ ገብታ አታውቅም። አልፈገግም ብላ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ለሺሙዓ ተጠራች።

ሺሙዓ ማለት ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት «እስኪ የምትለውን እንስማህ» የሚባልበት ስብሰባ ነው። ሕጉ ያዛል። ሕጉ የማያዘው የምር መስማትን ነው።

ዓርብ ማታ ወላጆቿ ቤት፣ ክፋር ብራንዳይስ የሚባለው ሰፈር፣ ነገሩን ለአባቷ አወራችው። አባቷ አለልኝ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጨረቃ፣ ካሜራ፣ ጉም እያለች ስታስረዳው ዳቦውን እየቆረሰ አንገቱን ነቀነቀ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«መናሄሉን፣ አለቃሽን፣ በምን ድምፅ ነው ያናገርሽው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጮኸሽበታል?»

«አባዬ፣ ውሸት ተናገሪ ነው ያለኝ።»

«መናሄል ዝም ብሎ አይቆጣም ልጀ። አንድ ነገር ብትይው ነው።»

እናቷ ስንቄ በዓይኗ ተይው አለቻት። ኢናቭ ተነሥታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ደሟ ፈላ። ከሥራ ብትባረር ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ ተምራለች፣ እጇ ባዶ አይደለም። ግን አንድ ሰው፣ ያውም ያሳደጋት ሰው፣ «ልጀ አልተሳሳተችም» እንዲልላት ፈልጋ ነበር። ይኸው ነው የፈለገችው። እሱ ግን ስለ ድምፅዋ ጠየቀ።

እሷ ከወጣች በኋላ አለልኝ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። ፋብሪካው ውስጥ ሲሠራ አንድ ማሽን በቆመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደሱ ነበር፤ እሱም «ሥሊሐ»፣ ይቅርታ፣ ብሎ ያልፍ ነበር፤ በዚያች ሥሊሐ ልጆች አሳድጓል። መናሄል ተቆጣ ማለት ይቅርታ መጠየቂያው ሰዓት ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው መንገድ የለም። ሰንበት እንደወጣ ኮፍያውን አድርጎ ከቤት ወጣ።

ሺሙዓው በተቀጠረበት ጠዋት ኢናቭ ከስብሰባው ክፍል ውጭ ተቀምጣ ስትጠብቅ የመስታወቱ በር ተከፈተ። አባ ጥሩነህ ገቡ፤ ዘንግ ይዘው፣ ጭራ ይዘው፣ ከኮታቸው በላይ ነጭ ኩታ ደርበው። ኋላቸው አባ ዘበነና አባ አያና አሉ። ሦስቱም የክፋር ብራንዳይስ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ወንድማማች የሚያስታርቁ። ፊት ለፊት ያለችው ጸሐፊ ሳፒር ቀና ብላ አየቻቸውና ክሊኒኩ የሚቀጥለው ሕንፃ ላይ መሆኑን ነገረቻቸው። ነጭ ለብሶ የመጣ ሽማግሌ ሐኪም ካልሆነ ሌላ ምን ይፈልጋል! ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ኢናቭ ስታያቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቷ ልኳቸው ነው። ቢዘገይም አምኗት፣ ሊቆሙላት ልኳቸው ነው። ወደ ቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ መላክ የሚያሳፍር ነገር መሆኑ እንኳ ያን ጊዜ አልታያት። እሷ ሽማግሌ የምታውቀው በሠርግ ነው፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ሲመጡ።

አቪቻይ ወጥቶ አያቸውና ፊቱ በራ። «ሻሎም፣ ሻሎም፣ ቤቫቃሻ፣ ተቀመጡ» እያለ ወንበር ሳበላቸው።

«እግዜር ይስጥዎ። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ጥሩነህ በአማርኛ። ዕብራይስጥ ለገበያ የሚሆን ያህል ያውቃሉ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን የራሳቸውን ቋንቋ ነው የሚፈልጉት። ወደ ኢናቭ ዞረው «አንች ታስተረጉሚልናለሽ ልጀ» አሏት።

እሺ አለች። ሰላምታውን አስተረጎመች። ስለ አቪቻይ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ጤና የጠየቁትን አስተረጎመች። «ታላቅ ሰው መሆንዎን ሰምተናል» ያሉትንም፣ ሳትወድ፣ አስተረጎመች። ከዚያ አባ ጥሩነህ ዘንጋቸውን ተደግፈው ዝቅ አሉ።

«ጌታየ፣ ልጃችን አጥፍታለች። ልጅ ናት፣ ታጠፋለች። አባቷ እግራችን ሥር ወድቆ ማሩልኝ ብሎ ልኮናል። ስለ ሽበታችን ብለው ይማሯት።»

ኢናቭ ይህን አላስተረጎመችም።

«ማ ሁ ኦሜር?» አለ አቪቻይ። ምን እያለ ነው ማለቱ ነው።

«አባ ጥሩነህ፣ ይኸን አላስተረጉምም» አለች።

«ለምን ልጀ?»

«ምንድን ነው ያጠፋሁት?»

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው አዩ። «እሱን አባትሽ በዝርዝር አላወጋንም።»

«እናንተስ አልጠየቃችሁም?»

«ሽማግሌ የሚልክ እኮ የበደለው ነው» አሉ አባ ጥሩነህ፤ ይህን የማታውቅ ልጅ መኖሯ ገርሟቸው። «የተበደለማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አባትሽ ሲልከን በደሉ ከወዴት እንደሆነ ገባን፤ ምን ብለን እንጠይቅ?»

እንግዲያ ነገሩ ይኸ ነበር። ሊቆሙላት አልመጡም። አባቷ በዚህች ዘንግና በዚህ ጭራ፣ በመላው ክፋር ብራንዳይስ ፊት፣ ልጄ አጥፍታለች ብሎ ፈርሞባታል። አቪቻይ ያዘዛትን ስህተት አልናገርም ብላ ስትታገል አባቷ ቀድሞ ተናግሮላታል፤ ይባስ ብሎ አስተርጓሚዋም ራሷ ናት።

ያን ጊዜ ተናገረች። በምን ድምፅ ለሚል፣ በትልቅ ድምፅ ነው። ሳፒር ስልኩን ዘግታ እስክታዳምጥ ድረስ።

«ስሙኝ እንግዲህ። ገበያ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ መሆኑን የምታውቁትን ድንጋይ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡና ሚዛኑ ጎደሎ ቢል፣ ድንጋዩ ነው የቀለለው?»

«ሚዛኑ ነው እንጅ» አሉ አባ ዘበነ።

«ጨረቃ ድንጋዩ ናት። ሚዛኑ ሳተላይት ላይ ያለው ካሜራ ነው። እሱ ሲጎድል መንገድ ላይ የተኛውን ጉም አያይም፤ ሹፌሩን መንገዱ ጥርት ያለ ነው እንለዋለን። እኔ ሚዛኑ ጎድሏል አልኩ። ይኸ ሰውዬ ድንጋዩ ቀሏል በይ አለኝ። አይደለም ስል፣ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው በይ አለኝ። እምቢ ስላልኩ ዛሬ ሊያባርረኝ ጠራኝ። ጥፋቴ ይኸ ነው። ይኸን ማሩልን በሉት።»

አቪቻይ ሰዓቱን አየ። አባ አያና፣ እስካሁን ያልተናገሩት፣ ኩታቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«ጉሙ ውስጥ የሚነዱት ሰዎች ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አያውቁም።»

አባ ጥሩነህ ከዘንጋቸው ላይ ቀና አሉ። ሽማግሌው በቁመታቸው ረጅም ናቸው፤ ዝቅ ብለው ስለነበር ነው ያልታየው። «ይኸንን ግን ታስተረጉሚዋለሽ» አሏት። «ለሰላም ነበር የመጣን፤ በተሳሳተ በር ገብተናል። የተበደለ ሽማግሌ አይልክም። ከእንግዲህ መላክ ያለበት እሱ ነው። ሲልክ እኛ ቤታችን አለን፤ ክፋር ብራንዳይስ ብሎ ይጠይቅ።»

ኢናቭ አንድ ቃል ሳታስቀር አስተረጎመች። እንዲህ ደስ እያላት ያስተረጎመችው ነገር የለም።

አቪቻይ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የሚያናድደው። «ምን የሚያምር ወግ ነው» አለና ሳፒርን ጠራት፤ ሽማግሌዎቹን ከጨረቃዋ ሥዕል ፊት ፎቶ እንድታነሳቸው። ሳፒር ስልኳን ስታነሳ አባ ጥሩነህ ጭራቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሳይቀመጡ፣ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሺሙዓው ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። ኢናቭ ያለችውን ደገመች፣ አቪቻይ ጻፈ፣ ሥራዋ በዚያው አበቃ። ደንበኞቹ መጥተው ፈረሙ። የጨረቃዋ ነገር ከኩባንያው የወጣች አንዲት ሠራተኛ ስህተት እንደነበር ተነገራቸው። ኢናቭ ይህን ስትሰማ ለያንዳንዳቸው ደውላ እውነቱን አስረዳች። አንዱ አመሰገናት። ሌላው የተባረረ ሰው ብዙ ይናገራል ብሎ ዘጋባት። የጉሙ ማስጠንቀቂያ ያኔም በዚያው በደከመ ካሜራ፣ ሳይስተካከል፣ ይሸጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ያቃጥላል፤ ግን እንደ አባቷ አላቃጠላትም። አቪቻይ የዋሸው ለውሉ ሲል ነው፤ ሰው ለጥቅሙ ሲዋሽ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባል። አባቷ ግን በነፃ ነው የፈረደባት። ስልኩን አላነሳችም። ሰንበት ሲመጣ አልሄደችም፤ ሌላም ሰንበት መጣ፣ አልሄደችም። እናቷ ደውላ «ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ከነገሩት ወዲህ አባትሽ እህል አልቀምስ ብሏል» አለቻት።

«ይጹም» አለች ኢናቭ። ጨካኝ መሆኗን ታውቅ ነበር፤ ደስም አላላት፤ ግን ቃሏን አላነሳችም።

የምትኖረው ከናሓል ሀደራ ፓርክ ባሕር ዛፎች ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ፣ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ደረጃው አድክሟቸው አባ ዘበነ ግድግዳውን ይዘዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለች ደንግጣ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ጥሩነህ።

አሁንማ ወጉ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። የላካቸው አቪቻይ እንደማይሆን ታውቃለች። ደግሞ ማን አጥፍቶ ነው? ወይስ ደግሞ እሷ ናት?

«ማን ነው የላካችሁ?»

«አባትሽ።»

«ወደ ማን?»

«ወዳንች ነዋ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባት ወደ ልጁ ሽማግሌ ሲልክ እኔ አላየሁም። እነዚህም አላዩም። እምቢ ብለነው ነበር፤ ትዋረዳለህ፣ ሰው ይስቅብሃል አልነው። አልሰማንም። ሦስት ጊዜ ተመላለሰብን። በደልኩ ይላል ልጀ።»

«ምን በደልኩ ነው የሚለው?» አለች። ንዴቷ ገና አልወጣላትም።

«ሳልሰማት ፈረድኩባት ይላል።»

«የት አለ?»

«ታች ነው። ሳይጠራ አይወጣም።»

ወደ መስኮቱ ሄደች። አለልኝ ከሕንፃው በር ራቅ ብሎ፣ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። ባሕር ዛፎቹ ሥር ጥላ ሞልቷል፤ አልሄደም። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ሳንድዊችና ኳስ የያዙ ቤተሰቦች ወደ ፓርኩ ሲያልፉ ዞር ብለው ያዩታል። ኢናቭ ወዲያው አልጠራችውም። ይቁም አለች በልቧ። ሽማግሌዎቹም ከኋላዋ ቆመው ነበር፤ አንዳቸውም አላጣደፏትም። እምቢ ብትል መብቷ ነበርና።

«ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «ግን ይቅርታውን አልፈልግም። መጀመሪያ ያልኩትን ይንገረኝ።»

አባ አያና በመስኮቱ ተጣሩ። አባቷ ደረጃውን ሲወጣ እርምጃው ይሰማ ነበር። በሩ ላይ ደርሶ አልገባም። ከሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከልጁ ፊት፣ ፋብሪካ ውስጥ አለቆቹ ፊት ይቆም እንደነበረው ቆመ።

«እሺ» አለችው። «ምን ነበር ያልኩህ?»

«ካሜራው ላይ ነው ያለው» ብሎ ጀመረ። «ሰማይ። ፀሐይ ይመታዋል። ከርሞ ከርሞ ያረጃል።» ቆመ። ስንቄን ስንት ጊዜ አስደግሞ እንዳጠናው እግዜር ይወቅ። «ጨረቃ ደግሞ ደመና የላትም፣ ዝናብም የላትም። አትለወጥም። ስለዚህ ጨረቃዋ አንሳ ከታየች . . .»

«አንሳ አይደለም፤ ደብዝዛ» አለችው ቆጣ ብላ።

«ደብዝዛ» አለ። «ደብዝዛ ከታየች፣ የደከመው ካሜራው ነው። ጨረቃዋ አይደለችም።»

ከዚህ በላይ ያጠናው አልነበረም መሰል፤ ኮፍያውን አዟዟረው፣ ሽማግሌዎቹን አያቸው፤ ማንም አልረዳውም። ከዚያ ልጁን ቀጥ ብሎ አያት።

«አንችም አይደለሽም» አለ። «አልተሳሳትሽም ልጀ።»

«ድገመው» አለችው።

አባቷ በሽማግሌዎቹ ፊት ደገመው።